ለአነስተኛ ማኅበራት የግዥ ግብ እንዴት ይጣላል? ከጎንደር የግዥ ጠረጴዛ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል በጎንደር ብዙ ቢሮዎች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። «ከአጠቃላይ ግዥው 30 በመቶውን ከጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በመፈጸም የገበያ ትስስር ይፈጠራል።» ዓረፍተ ነገሩ ከአምናው ዕቅድ የተገለበጠ ነው። የአምናው ደግሞ ከካቻምናው።

እኔም ጽፌዋለሁ። ግዥ ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት 30 በመቶ ብዬ አስገባሁ። ዓመቱ ሲዘጋ ቁጥሩ ሞላ፤ ተጨበጨበልን። ኋላ ደረሰኞቹን ሳገላብጥ ግማሹ ገንዘብ የሄደው ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። የሱቁ ወረቀት «አነስተኛ» ይላል። ቶነሩም ክላሰሩም ግን ከመርካቶ ተጭኖ የመጣ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው ሼድ ውስጥ ወንበር የሚሠሩት ልጆች አምስት ሳንቲም አላገኙም።

ይህን የምጽፈው በግዥ ወይም በዕቅድ ክፍል ተቀምጣችሁ ያንን ዓረፍተ ነገር ዘንድሮም ልትጽፉ ለተዘጋጃችሁ ነው። የማኅበር ሊቀመንበር ከሆናችሁም አንብቡት፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ ታያላችሁ።

1. በየትኛው ሕግ እንደምትገዙ ለዩ

ጎንደር ውስጥ ሁለት የግዥ ሕግ ይሠራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው፤ የሚገዛው በፌዴራል ሕግ ነው። ለረጅም ዓመት የተሠራበት አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የከተማ አስተዳደሩ፣ የዞኑ መምሪያዎችና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚገዙት በአማራ ክልል የግዥ አዋጅና መመሪያ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ማራኪ ላይ ለዩኒቨርሲቲው ያቀረበ ማኅበር ፒያሳ መጥቶ «እዚያ እኮ እንዲህ ነበር» ሲላችሁ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ሕግ ግን ላይፈቅድ ይችላል።

ስለዚህ የራሳችሁን መመሪያ ክፈቱና ለጥቃቅንና አነስተኛ የተሰጠውን ድጋፍ አንድ ገጽ ላይ ገልብጡ። በ649 ዘመን የነበረው የፌዴራል መመሪያ ሦስት ነገር ይሰጥ ነበር፦ የጨረታ ሰነድ በነጻ፣ በጨረታ ማስከበሪያና በውል ማስከበሪያ ፈንታ የአደራጁ መሥሪያ ቤት (ማኅበራቱን የሚያደራጀው የመንግሥት ቢሮ) የዋስትና ደብዳቤ፣ እና በዋጋ ውድድር የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት። በእናንተ መመሪያ እነዚህ ሦስቱ ምን ይመስላሉ? መልሱን ከነአንቀጽ ቁጥሩ ጻፉት። ኦዲተር ሲመጣ የምትመዙት እሱን ነው።

የ3 በመቶውን ነገር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ነጋዴው 1,000,000 ብር፣ ማኅበሩ 1,020,000 ብር ሰጡ እንበል። ለውድድር ብቻ ከማኅበሩ ዋጋ ላይ 3 በመቶ ይቀነሳል፤ 989,400 ይሆናል። ማኅበሩ አሸነፈ። ውሉ የሚፈረመው ግን በ1,020,000 ነው። አንድ ጊዜ ውሉን በተቀነሰው ዋጋ ሊያስፈርም የተነሳ ሰው አይቻለሁ። ምስኪኖቹም ሊፈርሙ ነበር።

2. በመቶኛው የምን በመቶኛ እንደሆነ ወስኑ

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሃያ በመቶ ስትሉ የምን ሃያ በመቶ? የጠቅላላ በጀቱ? የግዥው? ወይስ ማኅበራት ሊያቀርቡት የሚችሉት ግዥ?

ይህን ሥራ ቀደም ብለው የጀመሩ አገሮች አሉ። አሜሪካ ለትናንሽ ድርጅቶች በሕግ ያስቀመጠችው የፌዴራል ግብ 23 በመቶ ነው፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. በፊት 20 ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ግን 23 አይባልም። ምን እንደሚገዛ ታይቶ፣ ትናንሾችን ከሚመለከተው መንግሥታዊ ተቋም ጋር ተነጋግሮ የየራሱን ቁጥር ይይዛል፤ በዓመቱ መጨረሻም ውጤቱ እንደ ተማሪ ካርድ በአደባባይ ይወጣል። በመቶኛው ሲሰላም ከሥሌቱ ውጭ የሚደረጉ የግዥ ዓይነቶች አሉ። ኬንያ ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች 30 በመቶ ትለያለች። ሕንድ 25 በመቶ ትልና በውስጡ ለሴቶች 3 በመቶ፣ በዘር መደብ ለተገፉት ወገኖች 4 በመቶ ትመድባለች።

ቁጥራቸውን ኮርጁ አልልም። የምፈልገው አቆጣጠራቸውን ነው። አሜሪካኖቹ ዘንድ አንድ ውል በሴት የተያዘ አነስተኛ ድርጅት ካሸነፈው በሁለቱም መዝገብ ይገባል፤ ሁለቱን መዝገብ ግን አይደምሯቸውም። እኛ ጋ አንዱ የሴቶች ልብስ ስፌት ማኅበር በሴቶች፣ በወጣቶችና በጥቃቅን ተቆጥሮ፣ ሦስቱ ተደምረው «የ2.4 ሚሊዮን ብር ትስስር» ሲባል ሰምቻለሁ። ማኅበሩ ያገኘው 800 ሺህ ነበር።

3. የግዥ ዕቅዱን ሰንጠረዥ በመስመር ፍቱት

ግብ ከሰንጠረዡ ይወጣል እንጂ ከስብሰባ አይወጣም። ለማሳያ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት እንውሰድ። የዓመቱ ግዥው 20 ሚሊዮን ብር ነው እንበል።

መጀመሪያ ማኅበራት ፈጽሞ የማያቀርቡትን አውጡ። ነዳጅ፣ ጎማ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ኮምፒዩተር። ይህ 8 ሚሊዮን ቢወስድ 12 ይቀራል። አሥራ ሁለቱን ዘርዝሩት። ፈርኒቸር 2.4፣ ጥገናና እድሳት 3፣ ጽዳት 1.5፣ የደንብ ልብስ 1.1፣ የጽሕፈት መሣሪያ 1፣ ኅትመት 0.6፣ መስተንግዶ 0.4፣ ልዩ ልዩ 2 ሚሊዮን።

አሁን እያንዳንዱን መስመር ክፈሉት። ከፈርኒቸሩ ጠረጴዛ፣ ዴስክና መደርደሪያ እዚሁ ይሠራል፤ 1.6 ነው። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበርና የብረት ካቢኔ ከነጋዴ ነው የሚመጣው። ከደንብ ልብሱ ጫማው ሲወጣ ስፌቱ 0.8 ይሆናል። ከጥገናው ቀለም፣ አጥርና መጸዳጃ ቤት 1.2። ጽዳት ሙሉው 1.5። መስተንግዶ ሙሉው 0.4። ከኅትመት ባነርና ቅጻቅጽ 0.2። የጽሕፈት መሣሪያውን ዜሮ አድርጉት፤ ከመርካቶ አምጥቶ መሸጥ ነውር ባይሆንም እዚህ የሚፈጥረው ሥራ ጥቂት ነው። የእኔ ፍርድ ነው፣ ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ።

ድምሩ 5.7 ሚሊዮን ነው። ይህ ጣሪያችሁ ነው። ግባችሁ ገና ነው።

4. ሼዱን በእግራችሁ አዳርሱት

አደራጁ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ይሰጣችኋል። አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ግን አትመኑት። ዝርዝሩ ላይ ካሉት ማኅበራት አንዳንዱ የተበተነ ነው። አንዳንዱ ሼዱን አከራይቷል። አንዳንዱ ማኅተም ብቻ ነው ያለው።

ሁለት ቀን መድቡ። አንዱን ቀን አዘዞ፣ ሌላውን መሀል ከተማ። ቢቻል ከግዥ ክፍሉ ሌላ የንብረት ክፍሉ ሰውም ይሂድ፤ ኋላ ዕቃውን የሚረከበው እሱ ነው። እዚያ ስትደርሱ ስለ ራዕያቸው አትጠይቁ። ዛሬ ጠዋት ስንት ሰው ገባ በሉ። በወር ስንት ዴስክ ጨርሰው ያውቃሉ? መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? እንጨቱ የት ነው የሚደርቀው? ይህ የመጨረሻው ለኛ ከተማ ትልቅ ጥያቄ ነው። በክረምት በእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ ዴስክ ጥቅምት ሳይጋመስ ይጣመማል። ያኔ «የማኅበር ሥራ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ጥፋቱ ግን ነሐሴ ላይ አዝዞ መስከረም ላይ አምጡ ያለው ሰው ነው።

ወረቀታቸውንም እዩ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታክስ ክሊራንስ (ያልተከፈለ ግብር እንደሌለባቸው የሚገልጽ ማስረጃ)፣ ቫት ካስፈለገ የቫት ምዝገባ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ በኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ላይ በአቅራቢነት መመዝገባቸውን ጠይቁ። ብዙዎቹ የይለፍ ቃላቸውን የከፈተላቸው ልጅ ጋ ትተውታል፤ ልጁ ደግሞ ሥራ ቀይሯል። ይህን ግንቦት ላይ ማወቅ በጨረታው መዝጊያ ዕለት ከማወቅ ይሻላል።

ዙሩ ሲያልቅ 5.7 ሚሊዮኑ ይቀንሳል። እንጨት ሠሪዎቹ ከ1.6 ውስጥ አንድ ሚሊዮኑን ይችላሉ። ስፌት 0.8 ሙሉውን። ጽዳት ግማሹን፣ 0.75። ጥገና 0.6፣ መስተንግዶ 0.4፣ ኅትመት 0.15። ድምር 3.7 ሚሊዮን። በሁሉም እንደማያሸንፉ አስቡና ግባችሁን 2.4 ሚሊዮን አድርጉት። ይህ ከጠቅላላ ግዥው 12 በመቶ፣ ከ12 ሚሊዮኑ 20 በመቶ፣ ከጣሪያው ደግሞ 42 በመቶ ነው። ሦስቱንም ጻፉ። አለቃችሁ ትልቁን ይመርጣል፤ ምንም አይደለም፣ ከሥሩ ብሩ ተጽፏል።

አምና 1.1 ሚሊዮን ብቻ ከነበረ 2.4 ከእጥፍ በላይ ነው። ከባድ መስሎ ከታያችሁ 1.8 በሉት። 30 በመቶ ብሎ ከመዋሸት ይሻላል።

5. ግቡን በቀንና በሎት እሰሩት

«በበጀት ዓመቱ» የሚባል ቀን የለም። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፤ ግዥው ግን ሚያዝያ ላይ ይነቃል። በሰኔ ጥድፊያ ደግሞ ማኅበር አያሸንፍም። በአምስት ቀን 200 ወንበር አምጣ ቢባል ያለው ነጋዴ ነው፤ ለማኅበሩ ያ የሁለት ወር ሥራ ነው።

ስለዚህ ከዘመኑ ጋር አስማሙ። ዴስክ ከሆነ ውሉ ከክረምቱ በፊት ይፈረም፤ በጀቱ ካልደረሰ ደግሞ ጥቅምት ላይ፣ ለሁለተኛው መንፈቅ። ቀለምና አጥር ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ለጥምቀት የሚያስፈልግ ድንኳን፣ ባነር፣ ጽዳት ካለ ጨረታው ኅዳር ላይ ይውጣ። ጥር 11 የማይንቀሳቀስ ቀን ነው፣ በየዓመቱ ግን ድንገት እንደ ደረሰ ዕዳ ያስደነግጠናል።

ሎትን (በአንድ ጨረታ ውስጥ ለብቻው የሚወዳደሩበትን ክፍል) በተመለከተ አንድ መስመር አለ፤ እንዳታልፉት። ግዥን ቆራርጦ ከግልጽ ጨረታ ማምለጥ ክልክል ነው። 1.6 ሚሊዮኑን ስምንት ቦታ ከፍላችሁ በየወሩ በፕሮፎርማ (ከጥቂት ሻጮች ዋጋ ሰብስቦ በመግዛት) ብትገዙ ጠያቂ ይመጣባችኋል፤ ይገባልም። በአንድ ግልጽ ጨረታ ውስጥ አራት ሎት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሎት 1 ለዚህ ትምህርት ቤት 100 ዴስክ፣ ሎት 2 ለዚያኛው 100 እያላችሁ ተጫራቹ በአንዱም በሁሉም እንዲወዳደር ፍቀዱ። ማኅበሩ የሚችለውን ያህል ይጎርሳል።

6. ዝርዝር መግለጫውን አንብቡት፤ እንደገናም አንብቡት

ግብ የሚሞተው በስፔሲፊኬሽን ውስጥ ነው። ጠያቂው ክፍል ከኢንተርኔት ገልብጦ «ከውጭ የገባ ኤምዲኤፍ» ይላል። ወይም የአንድ ፋብሪካ ስም ይጽፋል። ወይም ለ150 ሺህ ብር ስፌት «አምስት ዓመት ልምድና 3 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ገቢ» ይጠየቃል። ማን አምጣው አለ? ማንም። ካለፈው ሰነድ የቀረ ነው።

ጥራትን ቀንሱ ማለቴ አይደለም። ይልቅ የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ። የእንጨቱ ውፍረት በሳንቲ ሜትር፣ የብረቱ ቱቦ ልክ፣ የብየዳው አጨራረስ፣ የቀለሙ ዓይነት። ናሙና ካላችሁ ግቢ ውስጥ አስቀምጡትና መጥተው ይለኩት። እንጨት ሠሪ ከአሥር ገጽ ይልቅ አንድ ዴስክ ማየት ይመርጣል።

7. ገንዘቡ መቼ እንደሚደርስ በግቡ ውስጥ ጻፉ

አንድ ጊዜ ጨረታ አስረድተን ስንጨርስ የአንድ ማኅበር ሊቀመንበር እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ማሸነፉንስ እናሸንፋለን። እንጨቱን በምን እንግዛው?» አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው። በዋስትና ምን ያህል እንደሚፈቀድና የአደራጁ ደብዳቤ ለዚህም እንደ ዋስትና ተቀባይነት እንዳለው ከመመሪያችሁ አረጋግጡ። የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ካልጻፋችሁት ግን ማንም አይሰጣቸውም። ለሲፒኦ (ባንክ ለሚሰጠው የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) የሚያስይዙት ጥሬ ገንዘብ ቢኖራቸው እንጨት ይገዙበት ነበር።

ሁለተኛው የመጨረሻው ክፍያ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ ማኅበር 120 ዴስክ መስከረም ላይ አስረከበ። ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆረጠ። ገንዘቡ የተከፈለው ጥር ላይ ነው። አንዴ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ አንዴ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ፊርማ ጎደለው። ከስምንቱ አባላት ሦስቱ በዚያ መሀል ወጡ። በኛ ሪፖርት ላይ ግን ያ ውል «የተሳካ ትስስር» ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ከ2.4 ሚሊዮኑ ጎን ሁለተኛ ቁጥር ጻፉ፦ ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ክፍያ። የፋይናንስ ኃላፊውም በዕቅዱ ላይ ይፈርምበት። ካልፈረመ ግቡ የግዥ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ገንዘቡን የያዘው ደግሞ እሱ ነው።

ለማኅበራቱም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መንግሥት ሲከፍል ቅድመ ግብር ይቀንሳል፤ ቫትም ላይ የራሱ አሠራር አለው። ይህን ሳያውቁ ዋጋ የሰጡ ሰዎች ቼኩን ሲያዩ «ተበላን» ይላሉ። የተበላ ነገር የለም፤ ደረሰኙን ከያዙ በግብር ይታሰብላቸዋል። ግን ማን ነገራቸው?

8. ወሬው ይድረሳቸው

ጨረታ በጋዜጣ ይወጣል። የክልል ከሆነ ብዙ ጊዜ በበኩር፣ የፌዴራል ከሆነ በአዲስ ዘመን። መመሪያችሁ በሚያዝዘው መንገድ አውጡት። ግን ልጆቹ ጋዜጣ አይገዙም። አንድ ኮፒ ሼዱ በር ላይ ለጥፉ። አንድ ለአደራጁ ባለሙያ ስጡ። አንድ በማኅበራቱ የቴሌግራም ቡድን ላይ ላኩ፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ግን በእግር የሄደው ወረቀት ነው የሚደርሰው። ሰነዱን ካወጣችሁ በኋላ አንድ ጠዋት ጠርታችሁ አስረዱ። ለሁሉም ተጫራች፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ። ለማኅበራት ብቻ በጓዳ ካስረዳችሁ ቅሬታ ይነሳል፤ ትክክልም ነው።

9. በየሩብ ዓመቱ ቁጠሩ፤ የከፈላችሁትን ብቻ

ለሥራው አንድ ሉህ ይበቃል። የማኅበሩ ስም፣ ዕቃው፣ የውል ዋጋ፣ ሞዴል 19 የተቆረጠበት ቀን፣ የተከፈለበት ቀን፣ የተከፈለው ብር። ከስድስቱ ዓምድ ለሪፖርት የሚደመረው የመጨረሻው ብቻ ነው። የአሸናፊነት ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም።

ከሥሩ ሦስተኛ ቁጥር ጨምሩ፦ ስንት የተለያየ ማኅበር? 2.4 ሚሊዮኑን ሁሉ አንድ ማኅበር ከወሰደው ግቡ ሞልቷል፤ እኔ ግን ደስ አይለኝም። ያ ማኅበር ምናልባት ወደ መካከለኛ ደረጃ የሚሸጋገርበት ጊዜ ደርሷል። ሁልጊዜ «አነስተኛ» ሆኖ የሚኖር ካለ ወይ እኛ አላሳደግነውም፣ ወይ ማደጉን ደብቋል።

ስለ ማኅተም ማኅበራትም ልናገር። ትልቅ ነጋዴ በማኅበር ስም ይጫረታል፤ ለማኅተሙ ትንሽ ይወረውርላቸዋል። ምልክቱ ቀላል ነው። ለማስረከብ የመጣው ሰው ሼዱን በጎበኛችሁ ቀን አልነበረም። ዴስኩ በሌላ ከተማ ታርጋ መኪና ተጭኗል። ስለ ዋጋው ስትጠይቁ ስልክ ይደውላል። ውሉ ላይ «ሥራውን አሳልፎ መስጠት አይቻልም» የሚል አንቀጽ አስገቡና ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሼዱን ሂዱና እዩ። ሳትነግሯቸው።

10. ካልሞላ

አይሞላ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት 1.7 ሚሊዮን ላይ ብትቀሩ አትደንግጡ፤ ለየትኛው መስመር ምን እንደሆነ ግን ጻፉ። ስፌት፦ ተጫራች አልቀረበም፣ ማስታወቂያው ዘግይቶ ደረሰ። ቀለም፦ ሁለት ማኅበር በክሊራንስ ወደቀ። ጽዳት፦ በዋጋ ተሸነፉ፣ ልዩነቱ 6 በመቶ። ይህን አንድ ገጽ ከሰኔ 30 በፊት ለዕቅድ ክፍሉ ስጡ። የሚቀጥለው ዓመት ሰንጠረዥ ሲዘጋጅ ያችን የተገለበጠች ዓረፍተ ነገር ሰርዛችሁ በምትኩ አያይዙት።